ስለ ትንንሽ ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላኖች አሠራርና ስለ አውታራቸው አወጣጠር



በራዲዮ ያሰማሁት ይህ ንግግር አሁን በጽሑፍ ሲቀርብላችሁ፥ ርእሱን ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ሌላ ቁም ነገር አጥቶ ነውን?» የሚል ቢገኝ አልቀየመውም። እኔም ራሴ ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ እንዲሁ እል ነበርና። የምናገረው በእጅ መዳፍ ላይ ስለሚያርፉ፥ ነገር ግን በመልክና በመጠን ከእውነተኞቹ ጋራ ስለሚመሳሰሉ ትንንሽ ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላኖች ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ ብታነቡልኝ ግን፥ በዚህ ትንሽ ሥራ ውስጥ የድልድይ መሐንዲሶች ጥበብና የሒሳብ ትምህርት፥ ከዚያም በላይ እኔ ራሴ በአንድ ልጅ ፊት ያፈርሁበት ጉዳይ እንዳለ ትረዳላችሁ።

ለመሆኑ የቀድሞዎቹ አይሮፕላኖች ስለምን ሁለት ክንፍ፥ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፥ ደርበው ይሠሩ ነበር? ወፍ የምትበረው በአንድ ጥንድ ክንፍ አይደለምን? ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ሞተር ክብደቱ ብዙ፥ ጕልበቱ ግን ጥቂት ነበረ። ስለዚህ አይሮፕላኑን ከምድር ለማንሣት ሰፊ ክንፍ ያስፈልግ ነበር። ሰፊውን ክንፍ ከቀጭን እንጨትና ከጨርቅ ሠርተው ወደ ጎን ብቻ ቢያስረዝሙት ግን በነፋስ ኀይል ይጣመማል፤ ይሰበራልም። እንግዲህ ክንፉን ለሁለት ከፍሎ፥ በመካከል ምሰሶ አቁሞ፥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሽቦ ወጥሮ ማሰር ከሁሉ የተሻለ መላ ሆኖ ተገኘ።

ይህም መላ የተገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ነው። ኦክታቭ ሻኑት የተባለው በአሜሪካ የኖረ የባቡር ሐዲድና የድልድይ መሐንዲስ፥ ለድልድይ ሥራ ያገለግል የነበረውን የምሰሶና የአውታር ዘዴ ወስዶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. ሞተር በሌለው ተንሸራታች አይሮፕላን ላይ አዋለው። ወንድማማቾቹ ዊልበር ራይትና ኦርቪል ራይት ይህንኑ ዘዴ ተከትለው በዲሴምበር 17 ቀን 1903 ዓ.ም. በሞተር የሚሠራውን አይሮፕላናቸውን አበረሩ። የዚያን ዕለት የመጀመሪያው በረራ የቆየው 12 ሴኮንድ፥ የሄደውም ርቀት 37 ሜትር ያህል ነበረ። ወደ አገራችንም የመጀመሪያው አይሮፕላን በእኛ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በመጣ ጊዜ፥ የአዲስ አበባ ሰው አንጋጦ ያየው ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ ባለ ድርብ ክንፍ ነበረ።

አሁን ስለ ሽቦዎቹ ጥቂት ልንገራችሁ፤ የሥራው ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ድንኳን የተከለ ሰው ሁሉ አውታር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ምሰሶው ብቻውን አይቆምም፤ በዚህም በዚያም የሚስበው አውታር ያስፈልገዋል። አውታሩ በአንድ ወገን ከላላ ድንኳኑ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። የባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ነገርም እንዲሁ ነው። አይሮፕላኑ በሚበርበት ጊዜ ነፋሱ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ከሰውነቱ ግርጌ ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ ጫፍ የሚወጡ ሽቦዎች ይይዙታል፤ እነዚህ የበረራ ሽቦዎች ይባላሉ። አይሮፕላኑ መሬት ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ደግሞ የክንፉ ክብደት ወደ ታች ይስበዋል። ያን ጊዜ ከላይኛው ክንፍ መካከል ተነሥተው ወደ ታችኛው ክንፍ ምሰሶ እግር የሚወርዱት ሽቦዎች ይሸከሙታል፤ እነዚህም የማረፊያ ሽቦዎች ናቸው። በፊተኛውና በኋለኛው ምሰሶ መካከል በመስቀል ቅርጽ የሚታሰሩ ሌሎች ሽቦዎችም አሉ፤ የነዚህ ተግባር ክንፉ እንዳይጠመዘዝ መጠበቅ ነው። እንግዲህ ምሰሶው የሚገፋውን ይችላል፤ ሽቦው የሚጎትተውን ይችላል፤ ሁለቱ ተባብረው ክንፉን ያጸኑታል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት እዚህ ላይ በእውነት ይታያል።

ለምሳሌ የመረጥሁት አይሮፕላን እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት ሶፕዊዝ ካመል ነው። ካመል ማለት በእኛ ቋንቋ ግመል ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው ከአብራሪው ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መትረየሶች የሚሸፍነው ክዳን እንደ ግመል ሻኛ ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1916 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፥ ወደ ጦር ግንባር የገባውም በ1917 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከ5,000 በላይ ተሠርቷል። ለጠላት አስፈሪ የነበረውን ያህል ለተማሪ አብራሪዎችም አደገኛ ነበረ፤ ሞተሩ ከነሲሊንደሮቹ ከፊት መዘውሩ ጋራ አብሮ የሚሽከረከር ስለ ሆነ፥ አይሮፕላኑን ወደ አንድ ወገን የመሳብ ጠባይ ነበረውና። ብዙ ወጣቶች ጠላት ሳያዩ በትምህርት ላይ ሳሉ ሞተውበታል።

የዚህ አይሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ከ53 ሳንቲሜትር ነው። ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መጠን አንድ ሰባ ሁለተኛ ይባላል፤ ይኸውም እውነተኛው ለ72 ተካፍሎ ማለት ነው። ቁጥሩ የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው። ስድስት ጫማ 72 ኢንች ስለ ሆነ፥ ስድስት ጫማ ቁመት ያለው ሰው በዚህ መጠን አንድ ኢንች ይሆናል። በብሪታንያ በ1932 ዓ.ም. ከእንጨት፥ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠሩ፥ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸው ትንንሽ አይሮፕላኖች በዚህ መጠን መሸጥ ጀመሩ። በዚህ ስሌት የካመል ክንፍ 118 ሚሊሜትር ያህል፥ ርዝመቱም 79 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙ አያልፍም ማለት ነው።

ይህን ስሌት የሠራሁት እኔ አይደለሁም። የእኅቴ ልጅ ነው። ልጁ የ13 ዓመት ሲሆን በዚያ ዓመት በሒሳብ ትምህርት ወድቆ «የእኔ ጭንቅላት ቁጥር አይቀበልም» ብሎ ራሱን ከመዘገበ ቆይቶ ነበር። እናቱ ክረምቱን ከእኔ ዘንድ እንዲያሳልፍ ሰደደችው። ከውጭ አገር አንድ ወዳጄ የላከልኝ የካመል ካርቶን ሳይከፈት ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ ነበርና፥ ዝናቡ ከቤት ባላስወጣን ጊዜ አብረን ከፈትነው። ልጁ የእውነተኛውን አይሮፕላን ልክ ከመጽሐፍ አውጥቶ ለ72 ሲያካፍል፥ ውጤቱንም በማስመሪያ ከክንፉ ጋራ ሲያስተያይ አየሁት። ልኩ ሲገጥምለት ቀና ብሎ «ጋሼ፥ ትክክል ነው!» አለኝ። ወረቀት ላይ ሞቶ የነበረው ማካፈል በእጁ ላይ ነፍስ ዘራ።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ በእጅ ተገንጥለው አይነሡም፤ በጥፍር መቁረጫ ወይም በምላጭ ይቆረጣሉ፤ ጠርዛቸውም በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። መጀመሪያ ሰውነቱ ይጣበቃል፤ ከዚያ የታችኛው ክንፍ ይገባል። በካመል ላይ የላይኛው ክንፍ ቀጥ ያለ ሲሆን የታችኛው ጫፎቹ በአምስት ዲግሪ ያህል ወደ ላይ የተነሡ ናቸው፤ ይህ ካልተጠበቀ አይሮፕላኑ መልኩን ያጣል። ቀለም የሚቀባው የላይኛው ክንፍ ከመገጠሙ በፊት ነው። ሁለቱ ክንፎች ከተደራረቡ በኋላ ብሩሽ በመካከላቸው እንደ ልብ አይገባም። ጨርቁ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ተልባ ከሚገኝበት ተክል የተፈተለ ሆኖ፥ እንዲወጠርና ውሃ እንዳያስገባ በልዩ ፈሳሽ ይቀባ ነበር፤ በደረቀም ጊዜ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠር ነበር። ስለዚህ የታችኛው ገጽ ነጣ ያለ የቅቤ መልክ፥ የላይኛው ገጽ ቡናማ አረንጓዴ መልክ ይሰጠዋል።

የሽቦዎቹ ቀዳዳዎች የሚበሱትም በዚሁ ጊዜ ነው። ከሚሊሜትር ሲሶ የማይበልጥ ቀጭን መሰርሰሪያ በጣቶች መካከል ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ከዚያ የላይኛው ክንፍ የሚቀመጥበት ጊዜ ይመጣል፤ ከሥራው ሁሉ አስጨናቂው ይህ ነው። ከካርቶን በልኩ የተቆረጠ መደገፊያ ሠርቶ ክንፉን በዚያ ላይ ማሳረፍ፥ ምሰሶዎቹን በወረንጦ አንድ በአንድ ማስገባት፥ ከፊት፥ ከላይና ከጎን እያዩ ማስተካከል፥ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ሙጫው ሳይጠና የነካው ሰው የሁለት ቀን ሥራውን ያበላሻል።

ሽቦው ከምን ይሠራል? እዚህ ላይ እንደገና ሒሳብ ይጠይቃል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ለ72 ሲካፈል ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል፤ ይኸውም የሰው ጠጕር ያህል ነው። ስለዚህ የልብስ ስፌት ክር የመርከብ ገመድ መስሎ ይታያል። ሠሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ እጅግ ቀጭን የናይሎን ክር ነው። ሌላው የሚለጠጥ ልዩ ክር ነው። ሦስተኛውና ምንም ወጪ የሌለው ግን ከተጣለው የፕላስቲክ ዘንግ የሚገኘው ነው። ዘንጉን ከሻማ ነበልባል በላይ ከፍ አድርጎ እያዞሩ ማሞቅ፥ ሲለሰልስ ከእሳቱ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። እንደ ማር ክር ይሳባል፤ ወዲያውም ይደርቃል። ቶሎ ከሳቡት ይቀጥናል፤ ዘግይተው ከሳቡት ይወፍራል። ይህን የፕላስቲክ ክር በኮምፓስ በለኩት ርዝመት ቆርጦ፥ ጫፉን ነጭ ሙጫ በጥቂቱ ነክሮ በወረንጦ ማስቀመጥ ነው። ላላ ያለ እንደ ሆነም፥ የሚጨስ ባለ ዘንግ ዕጣን አጠገቡ ሳይነካ ሲያሳልፉት በሙቀቱ ራሱን ይወጥራል። ሙቀቱ ከበዛ ግን ይበጠሳል። ለልጆች ወላጆችን የማሳስበው ሻማውና ምላጩ ያለ ትልቅ ሰው እጃቸው እንዳይገባ፥ ፈጥኖ የሚይዘው ሱፐር ግሉም መስኮት ተከፍቶ እንዲሠራበት ነው።

እኛ የመረጥነው የናይሎኑን ክር ነበር። ክሩ ከታች ታስሮ በላይኛው ክንፍ ቀዳዳ ይወጣል፤ ይሳባል፤ በሱፐር ግሉ ጠብታ ይያዛል፤ ትርፉ ይቆረጣል። በአንድ ወገን ቢያንስ ሁለት የበረራ፥ ሁለት የማረፊያና ሁለት የመስቀል ሽቦ ስላለ፥ በሁለቱ ወገን ሲደመር ከ12 አያንስም። ልጁ የግራውን ወገን ግማሽ ያህል ሠርቶ ሲመሽ ተኛ። እኔ ግን ነገ አልቆ ለእናቱ እንዲታይ ስለ ጓጓሁ ብቻዬን ቀጠልሁ። የቀኙን ወገን ክሮች ሁሉ አከታትዬ አሰርሁ። ይበልጥ እንዲያምር ብዬም እያንዳንዱን አጥብቄ ሳብሁት። በዓይኔ ፊት እንደ በገና አውታር ተወጠሩ፤ እኔም በሥራዬ ተደስቼ ተኛሁ።

በጧት ስነሣ የላይኛው ክንፍ በቀኝ በኩል ወደ ታች ተጣሞ፥ በግራ በኩል ሁለቱ ምሰሶዎች ከሥራቸው ተነቅለው አየሁ። ልጁ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ፥ እኔ የሠራሁት ወገን ነው የተሰበረው» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር። ከዚያም «አልኩህ እኮ፤ እኔ አይሆንልኝም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ እውነቱን ለመናገር፥ በዚያች ሰዓት ምን እንደ ተደረገ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። የግራው ወገን የተነቀለው ልጁ አሳንሶ ስላሰረ ሳይሆን፥ እኔ የቀኙን አብዝቼ ስለ ሳብሁ ነው። ነገር ግን አልተናገርሁም። «አይዞህ፥ ይጠገናል» ብዬ ብቻ ወደ ሥራ ሄድሁ። «አይዞህ» ማለት ደግ ቃል ይመስላል፤ ጥፋተኛው ሌላ ሲሆን ግን ጥፋቱን በተናገሩለት ሰው ትከሻ ላይ ያትመዋል። ያን ቀን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ለሕዝብ ምክር ሳነብ፥ ድምፄ ለራሴ ጆሮ ባዶ ሆኖ ተሰማኝ።

ማታ ስመለስ ልጁ ካርቶኑን ዘግቶ ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጦት ነበር። አውርጄ ከፈትሁትና ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። «ይህን የሰበርሁት እኔ ነኝ። አንተ ተኝተህ ሳለ የቀኙን ወገን ብቻ አጥብቄ ሳብሁት። ጧት ልነግርህ ሲገባኝ ዝም አልሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ክንፉን አገላብጦ ተመለከተ። ቀጥሎም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ታዲያ ጋሼ፥ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ እያደረግን ብናስር አይጣመምም ማለት ነው?» አለኝ።

በእርግጥም የሥራው ሕግ ያ ነው። በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ሽቦ የሚያስተካክለው ሠራተኛም አንዱን ወገን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው አይሄድም፤ በመወጠሪያው ብሎን ይህን ጥቂት፥ ያንን ጥቂት እያለ፥ ክንፉ በልኩ መቆሙን በመለኪያ እያየ ነው። ከመጠን ያለፈ ውጥረት እንደ መላላት ሁሉ ጥፋት ነው። ክሩን ቀጥ እስኪል ብቻ መሳብ፥ ከቀኝ አንድ ከግራ አንድ እያፈራረቁ ማሰር፥ ከእያንዳንዱ በኋላም ከፊት ለፊት ማየት ይገባል። ይህን ሕግ ለእኔ የነገረኝ በሒሳብ የወደቀው ልጅ ነው። ክንፉን በሙቅ ውሃ አለስልሰን አቀናነው፤ ምሰሶዎቹን እንደገና ተከልን፤ በአራት ምሽት ጨረስነው። በአንደኛው ምሰሶ ሥር የሙጫ ጠባሳ እስከ ዛሬ ይታያል። ልሸፍነው ብል «ተወው ጋሼ» ብሎ ከለከለኝ።

እንዲህ ያለው ሥራ ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ግን አንድ ታሪክ ላስታውሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1942 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የአሜሪካ ባሕር ኀይል የወዳጅንና የጠላትን አይሮፕላን መለያ ትምህርት የሚሰጥባቸው 500,000 ትንንሽ አይሮፕላኖች እንዲሠሩለት የአገሩን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጠየቀ። መጠኑም ይኸው አንድ ሰባ ሁለተኛ ነበረ። በዚህ መጠን የተሠራው አይሮፕላን በ10 ሜትር ርቀት ሲታይ፥ እውነተኛው በ720 ሜትር ርቀት እንደሚታየው ሆኖ ይታያል። ተማሪዎቹ በእጃቸው የቀረጹት እንጨት የወታደሮችን ዓይን አሠለጠነ።

በእኛም አገር የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን የተናቀ ነበረ። ብረት የቀጠቀጠውና ቆዳ የፋቀው እንደ ሰው ሳይቈጠር ኖሯል። ሆኖም በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ዌበር መሪነት፥ ኢትዮጵያውያንም ተባብረውበት፥ «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ ነበር። በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ብዙ ዓመት በሙዚየም ከቆየች በኋላ፥ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ወደ አገሯ ተመልሳለች። መመለሷ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይበልጥ ደስ የሚያሰኘው ግን በየቤቱ ያሉ ልጆች «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብለው ምላጭና ሙጫ ሲያነሡ ማየት ነው። ከውጭ የሚመጣ ካርቶን ለማግኘት አቅም የሌለው ቢኖር፥ ስቴኪኒ ለምሰሶ፥ የካርቶን ወረቀት ለክንፍ፥ ከራስ የወደቀ ጠጕርም ለሽቦ ያገለግላሉ። ዋናው ነገር ልኩን ማስላትና እጅን ማስለመድ ነው።

አባቶችና አጎቶች ሆይ፤ ከልጅ ጋራ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ አውታሩን ብቻ ሳይሆን ቃላችሁንም በልኩ ወጥሩ። የላላ ቃል ልጁን አይደግፈውም፤ የጠበቀ ቃል ይሰብረዋል። የሰበራችሁት ነገር ቢኖርም ሳይመሽ ንገሩት። የእኅቴ ልጅ በመስከረም ወደ እናቱ ሲመለስ ካመሉን አልወሰደውም፤ «በመንገድ ይሰበራል፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ክረምት ሲመጣ ፖቴዙን እንሠራለን» አለኝ። የፖቴዝ 25 ክንፍ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲሜትር መሆኑን ነግሬው ነበርና፥ ደጃፉ ላይ ቆሞ በጣቱ አየር ላይ ሲያካፍል ቆየና «196 ሚሊሜትር ይሆናል» ብሎኝ ሄደ። እኔም ወደ ቤት ገብቼ በወረቀት አካፈልሁት፤ ልክ ነበረ።